በከባድ መኪና የተላከው ሪፖርት

ሰመራ መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ወደ አዋሽ የሚሄድ ሪፖርት በኮምፒውተር ብቻ ይላክ ተባለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን እኔ ተንኮለኛው ሽማግሌ ሎጊያ ድረስ ሄጄ ሪፖርቱን የገለበጥኩበትን ፍላሽ ወደ አዋሽ ለሚያልፍ ከባድ መኪና ሾፌር እሰጥና፣ ለአለቃዬ «በኮምፒውተር ልኬዋለሁ» እላለሁ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ሲቀረኝ፣ በሥራ አመራር ውስጥ ስላለ ፈጠራ የምታጠና ልጅ መጣች።

«አባባ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን ሪፖርቱ እንዴት ይደርሳል?»

የሰመራ ሙቀት የለመደው ገላዬ በላብ ተጠመቀ። ተናዘዝኩ።

«ይሄማ ፈጠራ ነው!» ብላ ጻፈችው።

«ልጄ፣ ጥፋት አይደለም እንዴ?»

እስክሪብቶዋን ነከስ አደረገች። «እሱም ነው፣ አባባ።»

አለቃዬ ጥናቱን አንብቦ አንድ የምስጋና፣ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በአንድ ቀን ጻፈልኝ። ማኅደሬ ውስጥ የማስገባቸው ደግሞ እኔው ነኝ። የትኛውን ከላይ ላድርግ? ሲጨንቀኝ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ማኅደሩ አልዘጋ አለኝ።