ታላቄ ታናሼ የሆነችበት ምሳ

እህቴ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ለአባታችን ሙት ዓመት ከአዲስ አበባ ዳባት ስትመጣ ግን ግንባሯ እንደ ተተኮሰ ነጠላ ልስልስ ብሎ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄዳ ግንባሯንና የዓይኗን ጥግ በመርፌ ተወግታ መጨማደዱን እንዳስጠፋች ራሷ ነገረችኝ። እኔ ደባርቅ ገበያ ላይ በንፋስና በውርጭ ጨርቅ ስሸጥ ነው ፊቴን የጨረስኩት። እሷ ለአባታችን ስታለቅስ እንኳ ግንባሯ አይቋጠርም። እኔ በለቅሶው መሐል በቅናት አረርኩ።

ምሳ ሲቀርብ፣ ከመካነ ብርሃን የመጡት ቄሱ አጎታችን ከፊታችን ተቀምጠው ነበር። ከልጅነታችን ወዲህ አይተውን አያውቁም። በእኛ ዘንድ ከምግብ በፊት ታናሽ ታላቁን እጅ ያስታጥባል። እሳቸውም ወደ እህቴ ዞር ብለው፣ «አንቺ ታናሿ፣ ተነሽና ታላቅሽን አስታጥቢ» አሏት።

ታርማቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ እቴ፤ ማንቆርቆሪያውን አንስታ እንደ ኮረዳ ጎንበስ አለችልኝ። ደስ ብሏታል። እኔም እውነቱን መናገር እችል ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ ሁለታችንን ሊያስተያየን ነው፤ እጄን ዘረጋሁላት።

ውኃው እጄ ላይ ሲወርድ ያ ግንባር ከዓይኔ አንድ ስንዝር አይርቅም። አንዲት መስመር ፈለግኩበት፤ አጣሁ። ልሰድባት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አልኩ። ከአፌ የወጣው ግን፣ «መርፌው ያማል?» የሚል ነበር።