ከሰልፍ የመጣ ቃል

የያዙኝ ቤቴ ውስጥ ለጸሎት ተሰብስበን ሳለ ነው። ጡት ያልጣለችውን ትንሿን ልጄን ለእህቴ ሰጠሁና ከአብዮት ጠባቂዎቹ ጋር ወጣሁ። ያስገቡኝ ሆሳዕና ውስጥ፣ ቀበሌው የእህል መጋዘን አድርጎት የነበረ ክፍል ነው። ስንዴው ወጥቷል፤ ሽታውና ነቀዙ ግን እዚያው ነበሩ። ነቀዙ ጆሮዬ እንዳይገባ ብዬ ሻሼን ዝቅ አድርጌ ጆሮዬን ሸፈንኩ።

"እሱ ምንም አያደርግሽም እትዬ፤ ቁንጫውን ፍሪ" አለችኝ ከጥጉ አንዲት ወጣት። የአንጋጫ ልጅ ናት፤ እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር።

ምን አድርጋ እንደታሰረች ስጠይቃት "ቃል አስተምሬ" አለች። ለታይታ ስለሚደረግ ነገር የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነምንጫቸው ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ነው ነገር የመጣባት። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን ቀኑ አልመሽ ይላል፤ ሐሳቤም ከልጆቼ አልለይ አለኝ።

"እስቲ ለእኛም አስተምሪን" አልኳት።

ፍላምቦያንት ከነበልባል የመጣ ነው አለችን፤ እንደ ድሬዳዋ ዛፍ ቀይ አበባ ከሩቅ የሚጣራ። ቶድሪ ደግሞ ከአንዲት ቅድስት ስም። ቅድስቲቱ አንገቷ ላይ እጢ ወጥቶባት ስትታመም፣ በልጅነቴ ላጠለቅኩት ጌጥ የመጣብኝ ቅጣት ነው ትል ነበር አሉ። ከሞተች በኋላ በስሟ በሚቆመው ገበያ የአንገት ጥብጣብ ይሸጥ ጀመር። ጥብጣቡ እየረከሰ ሲሄድ፣ ስሟ የሚያብረቀርቅ ርካሽ ነገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

"ምስኪን" አለች አብራን የታሰረች የአዲሎ ነጋዴ። "እንዲህ የሚያደርጉኝ ከሆነስ ቅድስናው ይቅርብኝ።"

"እኔን ያሳሰረኝ ፖምፐስ የሚባለው ነው" አለች መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በባዶው የሚኮፈስ ማለት ነው። ምንጩ በድሮ ግሪኮች ቋንቋ ሰልፍ ነው። ይህን ስናገር በመስኮቱ በኩል ሰልፈኛ ከበሮ እየመታ ያልፍ ነበር። ተማሪዎቹ ወደዚያ አዩና ሳቁ።"

እኛም በሻሻችን አፋችንን ይዘን ሳቅን። ጠባቂው በሩን በዱላ መታ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ የቀበሌው ካድሬ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የሚያብለጨልጭ ቀይ የናይለን ቀሚስ ዘርግቷል።

"ይህን ለብሰሽ መድረክ ላይ ትወጫለሽ። መጤ ሃይማኖት አታሎኝ ነበር ትያለሽ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ልጆችሽ።"

ቀሚሱን ይዤ ተመለስኩና ለመምህርቷ አሳየኋት። "የትኛው ቃል ነው የሚሆነው?"

"ስም አታውጪለት እትዬ" አለች። "ልጅሽ ገና ጡት አልጣለችም። ብትለብሺው ማናችንም አንታዘብሽም።"

ለካሁት። ልኬ ነበር። በዚያ ቀሚስ ቤቴ ስገባ፣ ልጄ ስትንጠለጠልብኝ ታየኝ። ቆይቶ ደግሞ ቤቴ አብረውኝ የጸለዩት ሰዎች ከመድረኩ ሥር ቆመው ሲሰሙኝ ታየኝ። አወለቅሁት።

በበዓሉ ጠዋት ካድሬው ሲመጣ ቀሚሱን አጥፌ ጠበቅሁት። ናይለን ስለሚንሸራተት ደጋግሜ ነው ያጠፍኩት። በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

"ምነው፣ ጠበበሽ?"

"የለም ጓድ፣ ልኬ ነው። ንግግሩ ነው ያልሆነኝ።"

ትንሽ አየኝ። "እንግዲያው እዚሁ ተቀመጪ" አለና ቀሚሱን ይዞ ሄደ።

በጋው አልፎ ዝናብ ሲጀምር ለቀቁኝ። ትንሿ ልጄ እህቴን እማዬ ትላት ነበር፤ እኔን ስታይ ከጀርባዋ ተደበቀች።

ዛሬ እሷም ወልዳለች። በቅርቡ ልጇን አጥብታ ስትጨርስ "ቀሚሱን ለብሰሽ ወጥተሽ ቢሆን ቶሎ ትመጪልኝ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

ላሳምረው ብዬ አንድ ሁለት ቃል ልጨምር ነበር፤ ተውኩት። ልጇን አንስታ እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።