አሮጌው ሥዕል ሳይቆረጥ አስኮ ለመድረስ

ከቤቴል የወጣሁት ምሳዬን ጥዬ ነው። አስኮ ያለችው ዘይነባ የብረት መቁረጫ ማሽኗን ሳታስነሳ መድረስ አለብኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት የውኃ ታንከር ማቆሚያ እየሠራን ነው፤ ለአራቱ እግሮች መቀመጫ የሚሆን ወፍራም ላሜራ ከተማውን አስሰን ያገኘነው አንድ ብቻ ነው። እሱ ከተበላሸ ሥራው ከእጃችን ይወጣል።

ጣጣው የመጣው ከዲዛይን ክፍላችን ነው። እዚያ ሥዕል ሲሻሻል አሮጌው አይጠፋም፤ ከገጹ ፍሬም ውጪ ወርውረው ይተዉታል። ሲታተም አይታይማ! የዘይነባ ኮምፒውተር የኛን ፋይል ስለማይከፍት፣ የክፍሉ ሠራተኛ ሀያት ማሽኑ ወደሚያነበው ዓይነት ቀይራ በቴሌግራም ላከችላት። ሲቀየር ፍሬሙ ጠፋ፤ ባለ አራት ቀዳዳው አሮጌ የመቀመጫ ሥዕልና ባለ ስድስት ቀዳዳው አዲስ ጎን ለጎን ተገተሩ። ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበሩት ብሎኖች ደግሞ ለእያንዳንዱ እግር ስድስት ናቸው። ይህን ያየሁት ፋይሉ ከሄደ በኋላ ነው። ስደውል የዘይነባ ስልክ ዝግ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጦር ኃይሎች

የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ጥግ ድረስ ተጠማዟል። ፊት የቆሙትን አዛውንት ለመንኳቸው።

«አባባ፣ በፈጠረዎት ያስቀድሙኝ።»

«ምነው ልጄ፣ የታመመ አለ?»

«ብረት ሊቆረጥብኝ ነው።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሳቸውም «ብረት ካስለቀሰሽማ ግቢ» ብለው አሳለፉኝ።

መንገድ ላይ

አሥራ ስምንት ማዞሪያን አልፈን ቆምን፤ መንገዱ ተቆፍሯል። አጠገቤ ያለችው ሴት በስልክ «አስኮ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም» ስትል ሰማሁና በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በመብራት መጥፋት ደስ አለኝ። መብራት ከሌለ ማሽኑ አይሠራም።

አስኮ

ከታክሲው ስወርድ ከፀጉር ቤቱ ሙዚቃ ፈነዳ። «መብራት መጣ!» ብሎ ሰፈሩ ጮኸ። ሮጥኩ። የማሽኑን ጩኸት ከግቢው በር ሰማሁት።

«ዘይኑ፣ አቁሚ! ኧረ አቁሚ!»

ማሽኑን አጥፍታ መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ ልጅ፣ በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

አንዱ ተቆርጧል፤ ባለ አራት ቀዳዳ፣ መጠኑም ያነሰ። አለቀስኩ።

«የመጀመሪያውን ነው የቆረጥኩት፤ ሁለተኛው የሌላ ሥራ መስሎኛል» አለች ዘይነባ። ከዚያ ተቆጣች፦ «ሁለት ነገር ልካችሁ እኔ ልገምት?»

እውነቷን ነው። አሮጌውን ከስክሪኑ አጥፍታ አዲሱን አራት ጊዜ በቀረው ላሜራ ላይ ደረደረች። ሦስቱ ገቡ፤ አራተኛው ከላሜራው ጠርዝ በአንድ ጣት ወጣ። አዞረችው፤ ወጣ። ሁሉንም አፍርሳ ሁለቱን አግድም አስተኛቻቸው። ትንፋሼን ይዤ አየኋት።

«ገባ! አልሐምዱሊላህ!»

ቤቴል

አራቱን መቀመጫ በኮንትራት ታክሲ ጭኜ ተመለስኩ። የተበላሸውን ሀያት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚህ መንገድ የተማርኩት፣ ፋይል መላክ ብቻውን ማድረስ እንዳልሆነ ነው፤ ተቀባዩ የሚያየውን ሳይነግረን ከእንግዲህ ምንም አይቆረጥም።

ሀያት ብረቱን አገላብጣ አየችው። ኮምፒውተሯን ከፈተችና ከየፍሬሙ ውጪ የተጣለውን ሁሉ ማጥፋት ጀመረች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ገና እያጠፋች ነበር።