የጋሼ ዝምታ

እስር ቤት ገብቶ መውጣት ትምህርት ቢሆን ኖሮ እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ። አገር ቤት ተማሪ ሳለሁ በፖለቲካ ስምንት ወር ታስሬያለሁ። ስለዚህ በኮቪዱ ዓመት፣ በስደት በምኖርባት ኮሎምበስ መሃል ከተማ ሰልፍ ላይ "መንገድ ዘጋችሁ" ተብለን ስንያዝ ከሁሉም የተረጋጋሁት እኔ ነበርኩ። ክፍሉም አላስደነገጠኝም። የሲሚንቶ አግዳሚ፣ ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት፣ የበረኪና ሽታ። አዲስ የሆነብኝ ብርዱ ብቻ ነው። ውጭው በሙቀት እየነደደ ውስጡን በኤሲ ፍሪጅ አድርገውታል።

አግዳሚው ጫፍ ላይ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ተቀምጠዋል። ማስካቸው አገጫቸው ላይ ወርዷል። የውሃ ኩባያቸውን ሲያነሱ "ቢስሚላህ" አሉ፤ መልካቸውም የኛው ነው።

"ሐበሻ ነዎት፣ ጋሼ?" አልኳቸው። አዩኝ፣ አልመለሱልኝም።

ትንሽ ቆይቶ ፖሊሱ በበሩ መስኮት በኩል በእንግሊዝኛ ይጠይቃቸው ጀመር። የት እንደሚኖሩ፣ ለማን እንደሚደወልላቸው፣ ቤንዚን ማደያው ሱቅ ውስጥ "ውጣ" ሲባሉ ለምን እንዳልወጡ፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። ጋሼ ግድግዳውን እያዩ ጭጭ። ፖሊሱ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ልቤ በኩራት ሞቀ። በኛ ጊዜ ጀግና ማለት መርማሪ ፊት ዝም ያለ ነበር። እኔ ራሴ ሦስት ቀን ዝም ብያለሁ፤ ይህንንም ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በሙሉ ከኔው አፍ ሰምተውታል።

ከዚያ የእስር ቤቱ ነርስ የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች መጣች። ቸኩላለች።

"ስምዎ? የትውልድ ቀን? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ስንት ሚሊግራም? መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው?"

ስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ጠበቀች፤ መጠበቅ ከተባለ። የጋሼ ከንፈር በትንሹ ተንቀሳቀሰ።

"በቃ፣ እምቢ ብሏል ብዬ እጽፋለሁ" ብላ ጋሪዋን ገፋች።

"እሰይ ጋሼ!" አልኳቸው። "አንዲት ቃል አልሰጧቸውም!"

ብዙ ቆዩ።

"እየመለስኩላት እኮ ነበር" አሉ በወሎ ቅላጼ። "ስሜን ልነግራት ስል ሄደች።"

ከዚያ በየመሃሉ ረጅም እያረፉ ነገሩኝ። ስኪዞፍሬንያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለባቸው፣ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። "ያስቸገረኝ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚሰማኝ ድምፅ አይደለም። እሱንስ መድኃኒቱ ጸጥ አድርጎልኛል። ሐሳቤ ነው የሚያስቸግረኝ። ሦስት ነገር ባንዴ ሲነግሩኝ፣ ሁለተኛው ሲገባ የመጀመሪያው ይወጣል።" ሱቁም የገቡት ዳቦ ሊገዙ ነበር። ምን ልገዛ መጣሁ ብለው ቆመው ሲያስቡ ሠራተኛው ጮኸባቸው፣ ፖሊስ ተጠራ።

"መድኃኒቱን ካቋረጡስ?" አልኳቸው።

"ባለፈው አቋርጬ ስታመም ልጄን አላወቅኳትም። ከምትኖርበት ከዌስተርቪል ድረስ መጥታ 'አባ' ስትለኝ፣ ይቺ ማናት አልኩ።"

እንደዚያን ጊዜ አፍሬ አላውቅም። የሰው በሽታ ላይ ቆሜ አጨብጭቤአለሁ። ተነስቼ በሩን በመዳፌ ደበደብኩ። "ነርስ! እምቢ አላሉም! ተሳስተሻል!" እኔም ጭምር መሳሳቴን ግን አልተናገርኩም። ፖሊሱ ቁጭ በል አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። ሁለት በር አልፎ ጋሪው ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣ።

"ሰውየው ሕመምተኛ ናቸው" ብዬ በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። "አእምሯቸው..."

ጋሼ እጃቸውን አነሱ። "ተው፣ አንተ ልጅ። አፍ አለኝ።"

ተነሱ። ማስካቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፣ የሸሚዛቸውን ኮሌታ አስተካከሉ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው ቆሙ።

"ዋን ኩዌስችን" አሏት ቀስ ብለው። "ዜን ዌይት፣ ፕሊስ።"

ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን አየች። "ስምዎ?" አለች፣ እሱን ብቻ።

ዝም። ልመልስላቸው ምላሴን በላኝ፤ ነከስኩት። ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ተናገሩ። ቀጥሎ የትውልድ ቀናቸውን። የመድኃኒቱ ስም ላይ በጣም ቆዩ። ነርሷ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ግን ክንዷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ዝም አለች። ስሙ መጣላቸው። ሚሊግራሙም መጣ። የጻፈችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች፤ ፋርማሲያቸው ጋ ደውላ አረጋግጣ፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ክኒን አመጣችላቸው። ዋጡ፣ አመሰገኗት፣ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

"አብሽር" አሉኝ ቆይተው። "ዝም ስል ሰው ሁሉ እንዳንተው ይሳሳታል።"

እኔን የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ለቀቁኝ።

እስካሁን ያልተናገርኩት ነገር አለ። አዲስ አበባ ያለው ታናሽ ወንድሜ ሕመሙ ይኸው ነው። በየእሁዱ ኒው አልባኒ ያለው መጋዘን ሥራ ከመግባቴ በፊት ከመኪናዬ ሆኜ እደውልለት ነበር። "እንዴት ነህ?" እለዋለሁ፤ ዝም ሲል "በል እማዬን አገናኘኝ" እላለሁ። አኩርፎኛል ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ።

ከተፈታሁ በኋላ በመጣው እሁድ ደውዬ ያንኑ ጠየቅኩትና ዝም አልኩ። እማዬ ከኋላ "ተቋረጠ እንዴ?" ስትል ይሰማኛል። አልተቋረጠም። ሥራ ሊረፍድብኝ ነው፣ ይርፈድ።

"ደህና ነኝ" አለኝ በመጨረሻ። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ ነኝ። ደግሞ ቆየና "አንተስ?" አለኝ።

ለካ ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ጥያቄ ላይ እስኪደርስ ጠብቄው አላውቅም። መልስ ጠፋኝ። እሱ ግን ጠበቀኝ።