ጠንካራ ማለት ምን ማለት ነው?

የሕፃናቱ አስተማሪ አንዲት ጆንያ ከክፍል ክፍል መጎተት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሞላት። የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ኮተት» ይሏታል። ጆንያዋ ውስጥ የማይገኝ የለም፤ ማንኪያ፣ ስፖንጅ፣ ቁራጭ ሱፍ፣ ቡሽ፣ ሚስማር። «በዓይን አትመኑ፣ በእጅ ጠይቁ» ትላቸዋለች ልጆቿን። እነሱም ማንኪያውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው «ቀዘቀዘኝ!» ይላሉ፤ ቡሹ በባልዲ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ያጨበጭቡለታል።

በዚያ ሰኞ ግን ደሟ ፈላ። የዓመቱ ፈተና «ብርጭቆ ጠንካራ ነው፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ጥርሰ ወላቃዋ ተማሪዋ «ሐሰት» አለች። ርዕሰ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙባት፤ በዚያች በአንዲት ነጥብ አንደኛ ክፍል እንዳትገባ ተፈረደባት።

አስተማሪዋ ጆንያዋን ተሸክማ ቢሯቸው ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን አጠፋች?»

«መልሱ ‹እውነት› ነው። ከላይ ነው የመጣው።»

«ከላይማ ዝናብም ይመጣል፤ ያበሰብሳል እንጂ አያስተምርም!»

«እትዬ ኮተት፣ ነገር አታክርሪ። ብርጭቆ ሲጫኑት ይሰረጉዳል? አይሰረጉድም። በቃ፣ ጠንካራ ነው።»

አንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ የማይሰረጉድም የማይሰበርም የሚል፣ ተሸክሞ በስድስት ዓመት ሕፃን ትከሻ ላይ ይውደቅ? ልጅቷ እኮ እናቷ ብርጭቆ ስታጥብ አምልጧት ወለሉ ላይ ሲረግፍ አይታለች፤ ስባሪውን አብራ ለቅማለች። አስተማሪዋን ለልጆቹ የምታንጎራጉርላቸው ግጥም ትዝ አላት፦

ሲነኩት ድንጋይ ነው፣ ሲወድቅ እንባ ይሆናል፤
እንዴት አንጀት ችሎ ጠንካራ ይባላል?

ጠረጴዛቸው ላይ ውሃ የሚጠጡበት ብርጭቆ ነበር። ብድግ አድርጋ እስከ ትከሻዋ ከፍ አደረገችው።

«ጠንካራ ነው አሉኝ?»

«ነው።»

«እንግዲያው ልልቀቀው።»

«ኧረ ተይ! ይሰበራል!» ከወንበራቸው ዘለው ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አፈፍ አደረጉት። ውሃው ክራባታቸው ላይ ተደፋ።



«እሷም ያለችው ይህንኑ ነው» አለች አስተማሪዋ።

ርዕሰ መምህሩ ክራባታቸውን ጨመቁ። እስክሪብቶውን አንስተው፣ አንገታቸውን ደፍተው የልጅቷን ወረቀት አረሙ። «ይኸው፣ አለፈች። አሁን ደስ አለሽ?»

አስተማሪዋ ጆንያዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወንበር ሳበች።

«እንደ እሷ ‹ሐሰት› ብለው የተሰረዘባቸው ሌሎቹ አሥራ ሰባቱስ? የሁሉንም ወረቀት ያምጡልኝ፤ እስክሪብቶውንም አይክደኑት።»