ሸጊቱና ስሙ የጠፋ መኪና

ደባርቅ ውስጥ ስሙ የጠፋ መኪና ነበር። ፋብሪካው ያወጣለት ስም ሌላ ነው፤ ከተማው ግን «ከል አልባሽ» አለው። ባል ገድሎ ሚስትን ጥቁር ያለብሳል ለማለት ነው። ከባድሜው ጦርነት በኋላ ንግዱ ሲሟሟቅ፣ ከዳባትና ከደባርቅ እህል ጭኖ ሊማሊሞን እየወረደ ዛሪማንና ሽሬን ያጠገበው ከሞላ ጎደል ይኸው መኪና ነበር። መለዋወጫው በየሱቁ አይጠፋም፣ ዳገት ላይ አይለግምም፣ ጭቃ አይበግረውም። ያልያዘው ነጋዴ የለም፤ የማይረግመውም የለም። እስቲ ይሄን ምን ይሉታል? ሊማሊሞ ላይ አንድ በተገለበጠ ቁጥር አውቶቡስ ተራ የሚውለው ወሬኛ ሁሉ መሐንዲስ ሆኖ ቁጭ ይላል። ፍሬኑ ወረቀት ነው ይላል አንዱ። አናቱ ከባድ፣ ወገቡ ቀጭን ነው ይላል ሌላው። የሚሠሩት ሰዎች ገደል አይተው አያውቁም ይላል ሦስተኛው፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው።

ሸጊቱ ይሄን ወሬ ስትሰማ ደሟ ይፈላል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አልነበረችም።

ሸጊቱ የዳባት ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ነበሩ። እሳቸው ከተማሪዎቻቸው ለአንዱ ሊድሯት ሲያስቡ እሷ ሹፌር ወደደች። ሰጠኝ ይባላል፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ ሰው። ዘመድ አዝማዱ የመሪጌታ ልጅ ለመኪና ነጂ ትሰጥ ወይ ብሎ አገር አተራመሰ። አባቷም አኩርፈው ሰርጓ ላይ አልተገኙም። እሷ እቴ! ጓዟን ጠቅልላ ደባርቅ ገባችና ከመንገዱ ዳር ቤት ተከራይታ የመኪና ሸራ መስፋት ጀመረች። ሸራ የሚሉት ያንን ጭነት ላይ የሚለብሰውን ወፍራም ጨርቅ ነው። የስሜን ዝናብና ውርጭ ይበላዋል፣ ገመድ ይቀደዋል፣ ስለዚህ ሥራው አያልቅም። ሴት ልጅ ወስፌ ይዛ በተዘረጋ ሸራ ላይ በጉልበቷ ስትሄድ ያየ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ክረምት ሲገባ ግን ደጇ ላይ ተሰለፈ። እጇ ጠንካራ ነው፤ ምላሷም ከእጇ አያንስም። ስፌቷን ሊነቅፍ የመጣን አንድ ሰው ወስፌውን አስጨብጣ እስቲ አሳየኝ ብላው ታውቃለች።

ሰጠኝ የሚነዳው ከል አልባሹን ነበር። የራሱ አልነበረም፤ የእህል ነጋዴው የይግዛው ነው። ሰጠኝ ግን እንደ ራሱ በሬ ይወደዋል፣ ሲነቅፉበትም ይከፋዋል። ለተሠራለት ልክ ፍሬኑ ይበቃዋል ይል ነበር። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ ፈትተው ቁልቁለቱን በባዶ የሚለቁትን ሹፌሮች ስማቸውን እየጠራ ይሰድባቸዋል። ባሌስትራ የሚያስጨምሩትን ባለንብረቶች ሲያነሳ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። ባሌስትራ ማለት ከሥር ሆኖ ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ ብረት ነው፤ ከፋብሪካው በላይ ሲጨመርበት መኪናው ከአቅሙ በላይ ተጭኖም ወገቡ አይጎብጥም። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው። ሰጠኝ ይሄን ሲናገር ለምን ያንሾካሹክ እንደነበር ሸጊቱ አልጠየቀችውም። ቢነግራት ምን ነበረበት? አፍ አልነበረውም? አሁንም ድረስ በዚህ ነገር ትናደድበታለች፤ መቃብሩ ላይ ቆማ እንኳ ተናዳበታለች።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቀን ማለዳ ሰጠኝ ስንዴና ባቄላ ጭኖ ወጣ። ሊማሊሞ አጋማሽ ላይ፣ ከኩርባዎቹ አንዱ ጋ፣ ፍሬኑ ጋለና አልይዝ አለ። ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ጡሩምባው ሳያቋርጥ ሲጮህ ሰምተዋል። ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው ያወጡት እነሱ ናቸው።

ለቅሶው ላይ ነጋዴው ይግዛው ማንም ሳይቀድመው መጣ። አለቀሰ፤ የውሸት ለቅሶም አልነበረም። ከዚያ ድንኳኑ መሀል ቆሞ ይሄን መኪና የሠራ እጁ ይቆረጥ ብሎ ረገመ። ለቀስተኛው ሁሉ አሜን አለ። ሁለተኛ የዚህን ፋብሪካ ብረት ደጄ አላደርስም ብሎ ማለ፤ ሰውም መረቀው። ሸጊቱም በዚያ ሰሞን መኪናውን ረግማዋለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚረግመው ነገር ሲሰጡት ይቀበላል።

አርባው ሳይወጣ ይግዛው አዲስ መኪና አስመጣ፤ ስሙ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ፣ አገሩም ሌላ። ከተማው ጉድ አለ። የዚህኛው ፍሬን ቁልቁለት ላይ ቀጥ አድርጎ ያቆማል ተባለ፣ የዚህኛው ፋብሪካ ለሰው ነፍስ ያስባል ተባለ። ትናንት ከል አልባሹን ሲያብጠለጥል የነበረው ሁሉ ዛሬ አዲሱን ሲያሞግስ ዋለ። ይግዛውም የሰጠኝን ታናሽ ወንድም ገዱን ጠርቶ በወንድምህ ቦታ አንተ ትነዳለህ አለው። ገዱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና አንድ ክረምት አልሞላውም። የአባቱ መሬት ተከፋፍሎ ለእሱ የደረሰው ለአንድ በሬ መዞሪያ አይበቃም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወንድሙ ከሸጊቱ የወለዳት ትንሿ የትናየት አለች፤ አሳድጋታለሁ ብሎ ሬሳው ፊት ቃል ገብቷል። እሺ አለ። ሸጊቱም ሰማች፣ ፈራች፣ ግን መኪናው ሌላ ነው ሲሏት ልቧ ረጋ አለ።

በአርባው ማግስት አንድ ተሸካሚ ጭቃ የበላው ሸራ ደጇ ላይ ጣለ። ይግዛው ነው የላከው። ከገደሉ ያስወጣው የሰጠኝ መኪና ሸራ ነው። የተቀደደውን ጣፊና ለአዲሱ መኪና ይሁን፣ ስፋቱን እንዳትነኪ ብሏል። እንግዲህ ፍረዱ! ባሏ የሞተበትን ሸራ ለእሷው ለጥገና የሚልክ ምን ዓይነት ሆድ ነው? ሸጊቱ መጀመሪያ ፊቷን ሸራው ላይ ደፍታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ግቢው ውስጥ ዘረጋችው። ይህን ሸራ ያኔ አዲስ ሆኖ የሰፋችው ራሷ ናት፤ ክሯን ታውቀዋለች። አሁን ግን ግራና ቀኙ ላይ የእሷ ያልሆነ ስፌት አየች፤ ሰማያዊ የናይለን ክር፣ ችኮላ ያለበት እጅ። በሁለቱም ወገን ክንድ የሚያህል ሸራ ተቀጥሏል። መቼም ይግዛው ጎንደር ወስዶ ነው ያስቀጠለው፤ እዚሁ ቢያሰፋ እሷ ትጠይቀው ነበራ።

ሸራ በስፋቱ የሚቀጠለው ጭነቱ ወደ ላይ ሲከመር ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ሸጊቱ ሸራው ላይ ቁጭ ብላ ቀረች።

ተነሥታ ነጠላዋን አጣፍታ ይግዛው መኪናውን ወደሚያሠራበት ጋራዥ ሄደች። አዲሱ መኪና ጎማው ወልቆ ተሰቅሏል። ከሥሩ ሁለት ሰዎች ባሌስትራ እየጨመሩ ነው። ማን አዘዘ ብትል ባለቤቱ ነዋ አሏት፤ ሁሉም የሚያሠራው አይደል ወይ? ደሞ የሚገርመው ነገር፣ ሠራተኛው የዚህኛው ብረት ጥሩ ነው፣ ይችላል ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ።

ገዱን ቤቱ ድረስ ሄዳ ነገረችው። ሰምቶ፣ ይሄኛው እኮ ፍሬኑ ሌላ ነው አላት። ሸጊቱ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ለካ ያ ሁሉ እርግማን ለይግዛው ነው የጠቀመው! ከተማው ሙሉ ብረት ሲሰድብ፣ ብረቱ ላይ የከመረውን ሰው ቀና ብሎ ያየ የለም። ስም ቀይሮ ያንኑ ጭነት ይዞ ሲመጣ እልል ይባልለታል። አሁን ደግሞ ይሄው ወሬ ገዱን እንደ ወንድሙ ሊያወርደው ነው። ከል አልባሹ ነቀፋ አይገባውም አላለችም፤ ፍሬኑ ቶሎ እንደሚግል ሰጠኝ ራሱ ያምን ነበር። ግን ያንን እያወቀ የጫነበትስ? ገዱ ጎንበስ ብሎ እኔ ብተወው ሌላ ይነዳዋል፣ የትናየትስ ምን ትበላለች አላት። ሸጊቱ ተነሥታ ወጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መኪናው ሊባረክ ነበር። አዲስ መኪና መጀመሪያ ቁልቁል ከመውረዱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ ጠበል ይረጫል፤ በግ ይታረዳል፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ይግዛው አዲስ ጋቢ ለብሷል። መኪናው ታጥቦ፣ ቄጠማ ግንባሩ ላይ ታስሮለት፣ ባዶውን እያብረቀረቀ ቆሟል። ገዱ ቁልፉን ይዞ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል። ቄስ መልከ ጼዴቅ ጠበሉን አስይዘው ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ ሸጊቱ ሸራውን በጀርባዋ አዝላ፣ የትናየትን በእጇ ይዛ ደረሰች። ሰው መኪናውን ልታለብስ የመጣች መስሎት መንገድ ለቀቀላት። እሷ ግን ሸራውን ከመኪናው ፊት መሬት ላይ ዘረጋችው። አልጠገነችውም፤ ቅዳዱ እንዳለ ነው።

ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመችና፦

«አባቴ፣ ባዶውን አይባርኩብን። ሊማሊሞን የሚወርደው ባዶውን አይደለም። ይህ ሸራ እስከሚሸፍነው ድረስ ይጫንና ያኔ ይባርኩት» አለች።

ቄስ መልከ ጼዴቅ ግራ ገባቸው። እሷም ተንበርክካ ሰማያዊውን ስፌት በጣቷ እየተከተለች አሳየቻቸው፤ የሰጠኝ ጭነት እስከዚህ ነበር፣ የገዱም እስከዚህ ነው አለች። እሳቸው ወደ ይግዛው ዞረው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ይግዛው አልካደም፤ ምን ያስክደዋል? ሁሉም የሚጭነው ነው አለ፤ ያኛው ቆርቆሮ ስለነበር ነው እንጂ ይሄኛው መኪና ነው አለ፤ ሐዘን አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ውሰዷት አለ። ከሴቶቹ አንዷ ክንዷን ልትይዝ መጣች፣ ሸጊቱ አላየቻትም። ቄሱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ብቻ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ያለበሰው ይግዛው ነው። ልጄ፣ ይህ ለሌላ ቀን ቢሆን ብለው ጠበሉን አነሱ። ሸጊቱ ከሸራው ላይ አልተነሣችም። የሚያስነሣትም አልተገኘም።

ያን ጊዜ የጋቢናው በር ተከፈተ። ገዱ ወረደ፣ ቆቡን አወለቀ፣ ይግዛው ፊት ቆመ። ድምፁ ልክ እንደ ወንድሙ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ሰው ሁሉ ጸጥ ስላለ ተሰማ።

«ጋሽ ይግዛው፣ መኪናው ደኅና ነው ብለውኛል፣ አምኜዎታለሁ። የመጀመሪያውን ጭነት ስንወርድ ጋቢናው ውስጥ ከጎኔ ይቀመጣሉ?»

ይግዛው ሳቅ አለ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ገዱ ግን አልሳቀም፣ ይጠብቃል። ያ ሁሉ ሰው ይጠብቃል። ነጋዴው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ያለ ምንም ክፋት፣ ሰው ለሰው ግልጽ ነገር እንደሚያስረዳ ሆኖ መለሰ፦

«እኔማ ልጆች አሉኝ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። ዙሪያውን ቢያይ ዓይኑን የሚያየው ሰው አጣ። ሁሉም የሚያዩት ሸራው ላይ ከእናቷ አጠገብ የቆመችውን የትናየትን ነበር። ቄስ መልከ ጼዴቅ የጠበሉን ዕቃ ከደኑ። ገዱም ቁልፉን ከመኪናው ግንባር ላይ አስቀመጠና የወንድሙን ልጅ አዝሎ ወደ ቤት ሄደ።