ሙሴ ሃጎፕ ሄዶ ጋሼ በየነ የመጣ ዓመት

የልጅ ልጄ ሰናይት ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የስፖርት ጫማዋን ከበር ወርውራ ገባች። የቅርጫት ኳስ አሠልጣኛቸው ተቀይሮ፣ አዲሱ ከቦታዋ አንሥቶ ሌላ ልጅ ተክቶባታል። ምሳዋንም አልነካች። ወንድሞቿ ሊያስቋት ብለው፣ «እማማ፣ እርስዎም እኮ ኳስ ይጫወቱ ነበር አሉ፤ እስቲ ይንገሯት» አሉኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን ነገሩ እውነት ስለሆነ መሳቅ አቃተኝ፤ ይኸኔ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ጊዜው ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። አዳማ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ነች። ባቡር ጣቢያው፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች፣ የዓረቦች ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግራርና አቧራ። ክረምት ሲወጣ ነፋሱ ይነሣና ቆሎ ስንቆረጥም ግማሹ አሸዋ ነበር። አባቴ ለባቡሩ ውኃ የሚሞላ ሠራተኛ ስለነበረ ቤታችን ከሐዲዱ ጥግ ነው።

የጣቢያው ዕቃ ቤት ኃላፊ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመን ነበር። ያኔ ከውጭ አገር የመጣ ሁሉ ሙሴ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ የተጫወተው ጨዋታ ቢናፍቀው ይመስለኛል፣ ከአንድ የተሰበረ የወይን በርሜል የብረት ቀለበቱን አውልቆ ግራር ላይ ቸነከረ። ለኮርቻ ሰፊው ነግሮም ጨርቅ የታጨቀበት የቆዳ ኳስ አሰፋ። የጣቢያውን ልጆች ሴት ወንድ ሳይል ሰበሰበን። እናቶቻችን፣ «ሴት ልጅ እንደ ፍየል ስትዘል!» ብለው አጉረመረሙ፤ ግን ከሐዲዱ ላይ ከምንጫወት ይሻላል ብለው ተዉን።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ቁመቴ ግን መዘዝ ያለ ነበር። ሙሴ ሃጎፕ ከሁሉ እኔን ይወድ ነበር። «ክርን፣ ብርቄ! ክርን ወደ ውስጥ!» እያለ እጄን ይዞ ያስተካክለኛል። ኳሷ በቀለበቱ ባለፈች ቁጥር በጅቡቲ ባቡር ከመጣለት ቴምር አንድ ፍሬ ይሰጠኛል። ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ ቀስ ብዬ፣ ፍሬዋን እየላስኩ፣ ነበር የምበላው። ልጅ እንዲህ ነው፤ አዋቂም ቢሆን።

ከዚያ ሙሴ ሃጎፕ ወደ ድሬዳዋ ተዛወረ። ቀለበቱንና እኛን ለጋሼ በየነ አስረክቦን ሄደ። ጋሼ በየነ ዕድሜውን ባቡር ላይ እሳት ሲያነድ የኖረ፣ አሁን የግቢ ጠባቂ የሆነ ሰው ነው። የኳሱን ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የአገሩን የገና ጨዋታ ነው። አንገቱን ሰበር አድርጎ የሐዲድ እንጨት ላይ ይቀመጥና፣ «ኳስ የያዘ ይናገር! አፋችሁን ለጉማችሁ የምትሮጡት ሌቦች ናችሁ?» ይለናል። እኔ ዝምተኛ ነኝ። ዝም ብዬ ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስገባሁና ቴምር የለመደ አፌን ይዤ ፊቱ ቆምኩ።

«አዩ ጋሼ?»

«ሰማሁ» አለኝ፤ በቃ።

በዚያው ሰሞን ጫልቱ መጣች። እናቷ ከገጠር ወተት እያመጣች ጣቢያው ላይ የምትሸጥ ሴት ናት። ጫልቱ ጥጃ ስትጣራ ያደገች ስለሆነች ድምፅዋ ማዶ ይሰማል። ኳስ ስትጥል ደግሞ በሁለት እጅ፣ ከጉልበቷ መካከል አንሥታ ነው፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጋሼ በየነ ግን፣ «ይቺ የምትጮኸው የማን ናት? እሷ ትጣል፤ ብርቄ ታቀብል» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ጫልቱ በነጋታው ጭኮ ይዛ መጣች፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ፣ ገና ሲከፈት ሽታው የሚጣራ። «እንኪ ብርቄ» ስትለኝ ምራቄ ሞልቶ፣ «ጠግቤያለሁ» አልኳት። እሷን ማየት ቢቀርልኝ ብዬ፣ የወተት ዕቃዋ ተሰብሮ እናቷ ቤት እንድታስቀራት ለማርያም ሻማ ተሳልኩ። እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። እጄ ግን በጠላሁት ሥራ ሠለጠነ። ሳልዞር፣ ድምፅዋን ብቻ ሰምቼ፣ ኳሷን ደረቷ ላይ ማድረስ ቻልኩ። በሙሴ ሃጎፕ ጊዜ አንድ ቀንም ለሰው አቀብዬ አላውቅም ነበር።

የሞጆ ጣቢያ ልጆች በባቡር ሊገጥሙን የመጡ ዕለት ሰው ግጥም ብሎ ወጣ፤ አባቴም ሥራውን ትቶ ቆሟል። ቀድሞ ዐሥር ያገባ ነው የሚረታው። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆንን። ኳሷ እጄ ላይ ናት። ጫልቱ ከቀለበቱ ሥር ብቻዋን ቆማ፣ «ብርቄ! ናፍ ኬኒ! ስጪኝ!» ትላለች። መስጠት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። አልሰጠኋትም። ክርኔን ወደ ውስጥ ሰብስቤ ከሩቅ ለቀቅኳት፤ ገባች።

ጩኸቱ ሲቀልጥ ጋሼ በየነ ተነሣ። ወደኔ የሚመጣ መስሎኝ ፊቴን አብሼ ጠበቅሁት። አጠገቤ አልፎ ሄደና የጫልቱን ራስ ዳበሰ፤ «አበጀሽ የኔ አንበሳ! አንቺ እንደምታገቢው አውቄዋለሁ!»

ጫልቱ አፏን ስትከፍት አየሁ፤ የምትለውን ግን አልጠበቅኩም። በሐዲዱ ዳር ሮጥኩ። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካሁም፤ በዓመቱም ተዳርኩ።

ሰናይት እስከዚህ ድረስ ሰምታኝ፣ «ለምን ብለው አልጠየቁትም?» አለችኝ። በኛ ጊዜ ልጅ ትልቅ ሰውን ለምን አይልም፤ ቢባልስ ቅናት የት ያስጠይቃል? የመጣልሽን መልስ ራስሽ ሠርተሽ ታምኚዋለሽ። እኔ፣ «ስለሚጠላኝ ነው» ብዬ አምኜ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ልጄ ሆይ፣ አንቺ ሂጂና አሠልጣኝሽን ጠይቂው አልኳት።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ሁሩታ ገበያ ላይ ቅቤ ስትሸጥ ያገኘኋት ጫልቱ ናት የነገረችኝ። ያን ዕለት፣ «እኔ አይደለሁም ጋሼ፣ ብርቄ ናት» ስትለው ሰውየው ክው ብሎ፣ «ብርቄ! ብርቄ!» እያለ ወደማልገኝበት ዞሮ ተጣርቷል። የባቡሩ እሳት ዓይኑን በልቶት ከሁለት ክንድ ወዲያ አያይም ነበር፤ እንጀራው እንዳይቀርበት ደብቆት ነው እንጂ፣ ያን ቀለበት አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።